ከጭቃ ኳስ እስከ አውራ ዶሮ ላባ

ዓሣ የሚያጠምድ ሰው መንጠቆው ላይ ስለሚሰካው ምግብ ብዙ ሲጨነቅ አያለሁ። ትሉን፣ ሊጡን፣ የሥጋ ቁራጩን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። የሚያስቸግረው ክሩን ወደ ታች የሚጎትተው ነገር፣ ማስመጫው ነው። ምን ያህል ይክበድ? ከበዛ መንጠቆውን ድንጋይ ሥር ወስዶ ይቀረቅረዋል፤ ካነሰ ውኃው ጠርጎ ዳር ያወጣዋል። አሜሪካኖች ባስ የሚሉትን ዓሣ የሚያሳድዱ ሰዎች ይህን ጥያቄ በግራም እየመዘኑ ሲመልሱ ይውላሉ። ባስ በዓባይ የለም። ጥያቄው ግን አለ፤ ታሪክም አለው።

ከመካነ ሰላም እንጀምር። ከተማዋ ከደሴ በስተምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በቦረና (የወሎውን ቦረና ማለቴ ነው) ደጋ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ወደ ምዕራብ ሲኬድ ሜዳው በድንገት ያልቅና ገደል ይሆናል፤ ዓባይ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ፣ ከላይ ሲያዩት እንደ ተጣለ መቀነት ተጋድሞ ይታያል። በሽሎና ወለቃም ከወሎ ደጋ ወርደው የሚገቡት እዚያው ነው። የደጋው ሰው ወንዙን አሻግሮ ያየዋል እንጂ እምብዛም አይወርድበትም። ሙቀቱ፣ ወባው፣ ቁልቁለቱ፣ ከሁሉም በላይ የመልሱ ዳገት አለ። እንዲህ ሆኖ ግን ገደሉ ሥር ነጭ ዓሣ አለ፣ አምባዛ አለ፣ ቆሮሶም አለ። ነጭ ዓሣ የምንለው ረዘም ያለ፣ ቅርፊቱ የሚያበራ፣ ከንፈሩ ላይ እንደ ጢም ያለ ነገር ያለው ዘመደ ብዙ ዓሣ ነው። ይህ ታሪክ በአብዛኛው የእሱ ነው።

መንጠቆ በሰው እጅ ከገባ ዘመኑ አይቆጠርም። ጴጥሮስ መንጠቆ ጥሎ ከዓሣው አፍ ለግብር የሚሆን ገንዘብ ማውጣቱን በቤተ ክርስቲያን ያልሰማ ሰው የለም። ስለ ማስመጫው ግን ወንጌሉ ምንም አይልም። በዓባይ ስለ ማስመጫ ከተጻፉት ሁሉ እኔን በጣም የሚያስቀኝ የጄምስ ብሩስ ነው። ይህ ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ ገብቶ በ1770 ግሽ ዓባይ የደረሰው ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ግብፅ ሳለ ቢኒ የሚባለውን ዓሣ፣ የእኛን ነጭ ዓሣ የቅርብ ዘመድ፣ ሰዎች እንዴት እንደሚያጠምዱት አይቶ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ላይ ጻፈው። አጥማጁ ጭቃ፣ ዱቄት፣ ዘይትና ማር ከገለባ ጋር ለውሶ ትልቅ ድፎ ያህል ያደርገዋል። ድፎው ውስጥ በማር የራሰ ቴምር የሰካባቸውን መንጠቆዎች ይቀብራል፤ እያንዳንዱ መንጠቆ የራሱ ክር አለው። ከዚያ በነፋ የፍየል አቁማዳ ላይ ተቀምጦ ወደ ወንዙ መካከል ይቀዝፍና ጭቃውን ይጥለዋል። ተመልሶም ክሮቹን ዳር ላይ በተተከለ የዘንባባ ዝንጣፊ ላይ ያስርና ደወል ያንጠለጥልበታል። ከዚያ ወደ ሥራው ይሄዳል። ዓሣው ጭቃውን ሲቆረጥም ቆይቶ ቴምሩን ሲውጥ ደወሉ ይጮኻል።

ደወሉን ትተን ጭቃውን እንይ። ጭቃው ማስመጫም ነው፣ ምግብም ነው። ከባድነቱ ለጊዜው ብቻ ነው፤ ውኃው ሲያሟሟው ይቀላል፤ መንጠቆው ነጻ የሚወጣው ማስመጫው ሲያልቅ ነው። ከዚህ የበለጠ ብልሃት እስከ ሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ አላገኘሁም።

ከብሩስ ስድሳ ዓመት ያህል ቆይቶ የፍራንክፈርቱ የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል ጎንደር ገባ። ጣና ላይ ከአጥማጆች ዓሣ እየተቀበለ በአልኮል ጠርሙስ አሸገ፤ አገሩ ገብቶም እ.ኤ.አ. በ1835 እና በ1836 አሳተማቸው። ዛሬ ሊቃውንት ለዓባይና ለጣና ነጭ ዓሣ የሚጠቀሙባቸው ስሞች ብዙዎቹ ያን ጊዜ የወጡ ናቸው። አንዱማ በሳይንሱ ስም እስከ ዛሬ “ቤሶ” ይባላል። ለሩፔል ዓሣ ያቀረቡለት ዓይነት አጥማጆች ከደንገል በተሠራ ታንኳ የሚቀዝፉ የሐይቁ ዳር ሰዎች ነበሩ። ወይጦዎች በዚህ ሙያ ለረጅም ጊዜ ታውቀዋል፤ የሙያቸውን ያህል ግን አልተከበሩም።

በወሎ ቆላ ወንዞች ግን ታንኳም መንጠቆም የማይጠይቅ ሌላ መንገድ ነበር፦ ብርብራ። የብርብራ ፍሬ ደርቆ ይወቀጥና ዱቄቱ በበጋ ከተቋረጠ ኩሬ ውስጥ ይበተናል። ፍሬው ሮቴኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ ዓሣው በስንጥቡ የሚስበውን አየር ሰውነቱ እንዳይጠቀምበት ያደርገዋል። ዓሣው ሰክሮ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል፤ ትልቁም ትንሹም፣ የሚበላውም የማይበላውም። ክብደት አያስፈልግም፤ ትዕግሥት አያስፈልግም፤ የሚከተለው ዓመት ዓሣም አያስፈልግም ማለት ነው። ብርብራን እንደ አባቶች ጥበብ የሚያወድሱ ሰዎች አሉ። እኔ ኩሬው ባዶ ሲቀር ስላየሁ አልተባበራቸውም።

እርሳስ ወደ ወሎ ደጋ በዓሣ በኩል አልመጣም። የመጣው በጠመንጃ ነው። በአማርኛ አረር ስንል ማዕድኑንም ጥይቱንም ማለታችን የነበረው በከንቱ አይደለም፤ ገበሬው ማዕድኑን የሚያውቀው በጥይትነቱ ነበር። ዓፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በበሽሎ ገደል መንገድ እያስቆረጡ ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ የነበረው ድካም የክብደትን ነገር ለሚያስብ ሰው ሁሉ ምሳሌ ይሆናል፤ መድፉ እስከ ዛሬ እዚያው አምባ ላይ ተጋድሟል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር በሽሎን በእግሩ ተሻግሮ እሮጌ ላይ ተዋጋ፤ በሦስተኛው ቀን መቅደላ ወደቀ። በዚያ ሜዳ ላይ የቀረው አረር ስንት የዓሣ ክር ያሰምጥ እንደነበር አስቤ አውቃለሁ። ለማሰብ ብቻ ነው እንጂ፣ ያን ጊዜ አረር ያገኘ ሰው ወንዝ ውስጥ የሚጥልበት ምክንያት አልነበረውም። በወንዝ ዳር ማስመጫው ድንጋይ ነበር።

ድንጋዩ ደግሞ የእኛው ጥቁር ድንጋይ ነው። የወሎ ደጋ በሙሉ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ፣ በባዛልት የተሸፈነ ነው። ወንዙ አለስልሶ ያመጣውን ድቡልቡል ጠጠር በልጥ አንቆ ማሰር ቀላል ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ልሥራ። እርሳስ እኩል መጠን ካለው ውኃ 11 እጥፍ ከሲሶ ያህል ይከብዳል፤ ባዛልት ግን ሦስት እጥፍ እንኳ በቅጡ አይሞላም። ውኃ ደግሞ የሚሰምጠውን ነገር ሁሉ በተካው ቦታ ልክ ያነሣዋል። ስለዚህ 10 ግራም እርሳስ ውኃ ውስጥ ሲገባ 9 ግራም ያህል ሆኖ ይቀራል፤ 10 ግራም ጠጠር ግን ወደ ስድስት ተኩል ይወርዳል። ጠጠሩ እርሳሱን ለመተካት ከፈለገ መተለቅ አለበት፤ ሲተልቅ ጎርፉ የሚገፋው ገላ ይበዛል፤ ሲገፋም ይበልጥ መክበድ ይኖርበታል። ድንጋይ ያሰረ አጥማጅ መቼም በቀላል ክብደት ማጥመድ ያልቻለው ለዚህ ነው።

ለውጡ ከሩቅ መጣ፤ ከሸማኔ ቤት ነው ብል አልተሳሳትኩም። እ.ኤ.አ. በ1905 አልፍሬድ ኢሊንግዎርዝ የተባለ፣ በሱፍ ፋብሪካዋ በታወቀችው የእንግሊዝ ከተማ በብራድፎርድ የሚኖር ሰው አንድ መጠቅለያ በስሙ አስመዘገበ። ከዚያ በፊት የነበረው የዓሣ ክር መጠቅለያ ክሩ ሲወረወር አብሮ ይሽከረከር ነበር፤ ያንን ለማዞር የሚወረወረው ነገር ከባድ መሆን ነበረበት። የኢሊንግዎርዝ መጠቅለያ ግን አይዞርም። ክሩ ከጫፉ በኩል እየተተረተረ ይወጣል፤ የሸማኔ መወርወሪያ ውስጥ ያለው ማግም እንዲሁ ነው፦ መወርወሪያው ሲበር ክሩ በጫፉ ይፈታለታል። በዚህ ብልሃት ሁለትና ሦስት ግራም ነገር መወርወር ተቻለ። ከሠላሳ ሦስት ዓመት በኋላ ዱፖንት ናይለንን ለዓለም አስተዋወቀ። ቀጭን፣ የማይበሰብስ፣ ውኃ ውስጥ የማይታይ ክር ተገኘ። ቀላል ማስመጫ የተወለደው ከእነዚህ ሁለቱ ነው። ራሱ ላይ እርሳስ ቀልጦ የፈሰሰበት፣ ፈረንጆቹ ጂግ የሚሉት መንጠቆ ከዚያ በኋላ ባስ አጥማጆች እጅ ገብቶ በየዓይነቱ ተባዛ።

በዚያው ዘመን ዓባይም ጎብኚ አላጣም። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን የገደሉን ዳር ለዓመታት እየተከተለ ካርታ አነሣ፤ መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1936 አወጣ። ጣሊያን ከገባ በኋላ በ1937 የዳይኔሊ የጥናት ቡድን ጣና ላይ ሰፈረ፤ የቡድኑን ዓሣዎች ጆርጆ ቢኒ አጥንቶ በ1940 አሳተመ። ጣሊያኖቹ ትተውልን ከሄዱት ሁሉ ግን ለእኔ ታሪክ የሚጠቅሙት ቃላት ናቸው፦ ዳዶ፣ ቡሎን፣ ፒንሳ፣ ጎሚስታ። ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1968 ክረምት ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የመራው የእንግሊዝ ጦር ጉዞ በጎማ ጀልባ ዓባይን ወረደ። ከጣና ወደ ሸፋርታክ ድልድይ የወረዱት ከቦረና ገደል ሥር አልፈው ነው። ከቡድኑ አንድ ሰው በገባር ወንዝ ጎርፍ ተወስዶ ሞተ። አብረዋቸው የነበሩት የእንስሳት ተመራማሪዎች የገደሉን ፍጥረት መዝግበው ተመለሱ። የዓባይን የክረምት ጉልበት ያላየ ሰው የክብደትን ነገር በቅጡ አይረዳም፤ በነሐሴ ውኃው ቋጥኝ እያንከባለለ ሲወርድ ድምፁ ከገደሉ አፋፍ ይሰማል። ያን ጊዜ የሚያጠምድ የለም። ነጭ ዓሣውም በክረምት ወደ ገባሮቹ ወጥቶ ጠጠር ላይ ዕንቁላሉን የሚጥልበት ጊዜ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ሐይቅ ላይ ቆሮሶ ተጨመረ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ያ ሐይቅ ከዚያ በፊት የሚታወቀው በአምባዛው ነበር። ቆሮሶው ተባዛ፤ በዐቢይ ጾም ደሴ ላይ ጥብስ ዓሣ ሲሸተን ከዚያ የመጣ ነው። ቆሮሶ ግን በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ደቃቅ አረንጓዴ የሚበላ ነውና እርሳስ አያሳድድም፤ በመረብ ይያዛል። ስለዚህ የወሎ ሰው ዓሣ ሲል መረብ ማለቱ ሆነ። ጣና ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 በሆላንዶች ርዳታ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ። በመረቡ የታችኛው ገመድ ላይ የተደረደረው ማስመጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ክብደትን በኪሎ አስቆጠረ። መረቡ የተዘረጋው ነጭ ዓሣው ለመራባት በሚሰበሰብበት የወንዝ አፍ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ባለው ጊዜ ውስጥ ለገበያ የሚያዘው ነጭ ዓሣ በሦስት አራተኛ ቀነሰ። በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ወጣ።

ዓሣው እያለቀ ሳለ ደግሞ ማንነቱ ታወቀ። ናግልከርክና ሲቢንግ የተባሉ የሆላንድ ተመራማሪዎች የጣናውን ነጭ ዓሣ ለዓመታት ሲለኩ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1997 አንድ ዓሣ መስሎን የኖረው ብዙ ዝርያ መሆኑን አወጡ። ከአሥራ አምስት ዝርያዎቹ ስምንቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው። ይህ በዘመዶቹ ዘንድ ያልተለመደ ነገር ነው፤ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውምና። ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። አሳድዶ፣ አፉን ከፍቶ፣ ከውኃው ጋር ስቦ ይውጣል። በዓባይና በገባሮቹ ያለው የእነዚህ ዘመድም ያገኘውን የሚቀምስ ሆዳም ነው። ባስ የለንም ብዬ ጀምሬ ነበር፤ የባስን ጠባይ የያዘ ግን አለን።

እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ ነው ያጠመድኩት። በ1980ዎቹ አጎቴን ተከትዬ ወደ ቆላው ወረድኩ። ጥር ነው፤ ገባሩ ቀንሶ፣ ጠርቶ፣ በቋጥኝ መካከል ኩሬ ኩሬ ሆኗል። አጎቴ ከአሮጌ ኤንትሬ መኪና የወለቁ ዳዶዎች በሲባጎ ሰክቶልኛል። አንዱን ዳዶ ናይለኑ ጫፍ ላይ፣ መንጠቆውን ስንዝር ከፍ አድርጌ አሰርኩና ወረወርኩ። ጧ! አለ። ኩሬው ውስጥ የነበረው ጥላ ሁሉ ተበተነ። ስስበው ቀረ። ቋጥኝ ሥር ገብቷል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። ማዶ ፍየል የሚጠብቁ ሽማግሌ ስድስተኛው ሲቀር ዝም ማለት አቃታቸው።

“አንተ ልጅ! ወንዙን በብረት ልታጥረው ነው?”

“አይ አባባ፣ እንዲሰምጥ ብዬ ነው።”

“እሱማ ሰመጠ። ዓሣው የሚበላው የወረደውን ነው እንጂ የወደቀውን መቼ ነክቶ ያውቃል! በል አንበጣ ያዝና ባዶውን ልቀቅለት።”

አጎቴ ሳቀ። “እንዳሉት አድርግ፤ አያ ከዚህ ወንዝ ጋር አብረው ነው ያረጁት” አለኝ። እኔ ግን አንበጣዋን ባዶ መንጠቆ ላይ ሰክቼ ብወረውር ክሬ እግሬ ሥር ወደቀ። መጠቅለያ የለኝም፤ ክሬ የሚጠቀለለው ቆርቆሮ ላይ ነው። ሽማግሌው ልክ ነበሩ፤ የሚያደርሰኝ ግን አልነበረኝም። ያን ቀን ባዶ እጄን ዳገቱን ወጣሁ።

የሽማግሌውን ነገር የገባኝ ቆይቶ ነው። ዓሣው አፉን ከፍቶ ውኃውን ሲስብ ቀላል ነገር አብሮ ይገባል፤ ከባዱ ከኋላው ይቀራል። ጢሙና ከንፈሩ ስሱ ነው፤ የሚጎትት ነገር ከተሰማው በቅጽበት ይተፋዋል። ከባድ ማስመጫ ቀጥ ብሎ ወርዶ በሁለት ድንጋይ መካከል ይሰነቀራል፤ ቀላሉ ግን ድንጋዩን እየነካ ይንከባለላል፣ እንደ ተጎዳ ትንሽ ዓሣም እየተንሳፈፈ ይወርዳል። የሚያስፈልገው ክብደት መሬቱን ለጥቂት የሚነካው ያህል ነው። ውኃው ሲፈጥን ጥቂት ይጨመርበታል፤ ሲረጋ ይቀነስለታል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት መጠቅለያ ያለው ዘንግ እጄ ገባ፤ ከውጭ የመጣ ዘመድ ትቶልኝ የሄደው ነው። ማስመጫውን ግን ከዚሁ አገኘሁ። ደሴ አንድ ጎሚስታ ቤት ጎማ ሲመዘን የሚለጠፉት ትንንሽ እርሳሶች ወልቀው መሬት ላይ ተበትነዋል፤ ግራማቸው እንኳ ላያቸው ላይ ተቀርጿል፦ 5፣ 10፣ 15። “ውሰድ፣ ምን ሊሠራልህ ነው?” አለኝ ልጁ። አውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ለአዳዲስ መኪኖች ከልክሎታል፤ እንግሊዝም ትንንሹን የዓሣ እርሳስ ከ1987 መጀመሪያ አንሥቶ አግዷል፤ የውኃ ወፎች ጠጠር መስሏቸው እየዋጡ ይመረዙ ስለነበር ነው። በሌላው ዓለም አሁን በተንግስተን እየተተካ ነው፤ ከእርሳስ በጣም ይከብዳል፣ ዋጋውም እንዲሁ። እኛ ጋ የለም። ስለዚህ እርሳሱን ቆጥቤ፣ ከያዝኩ በኋላ እጄን ታጥቤ እሠራበታለሁ። አላቀልጠውም፤ በ327 ዲግሪ የሚቀልጥ ነገር እንጀራ በሚጋገርበት ጎጆ ውስጥ አይቀልጥም። ባለ 5 ግራሙን በፒንሳ ለሁለት እቆርጠዋለሁ፤ ግማሹን በመዶሻ ወረቀት እስኪሆን ቀጥቅጬ መንጠቆው አንገት ላይ እጠቀልለዋለሁ፤ ክብ እስኪሆን መታ መታ አደርገዋለሁ። ከኋላው ከገና አውራ ዶሮ አንገት የነቀልኩትን ነጭና ወርቃማ ላባ በክር አስርበታለሁ። ላባው ሲደርቅ ፈዛዛ ነው፤ ውኃ ሲነካው ግን ይተነፍሳል።

ባለፈው የካቲት ያንኑ ገባር ወረድኩ። ሽማግሌው የሉም። የልጅ ልጃቸው ይሁን የሌላ ሰው ልጅ፣ ፍየሎቹን ይዞ ያው ቋጥኝ ላይ ተቀምጧል። ከኩሬው ራቅ ብዬ ተንበርክኬ ወረወርኩ። ድምፅ የለውም፤ ቅጠል የወደቀ ያህል ነው። እቆጥራለሁ፦ ስምንት ስል መሬት ይነካል፣ ክሩ ይላላል። ጥቂት አነሣዋለሁ፣ እንደገና አወርደዋለሁ፣ እቆጥራለሁ። ስምንት። ስምንት። ልጁ ሰልችቶት ወደ ፍየሎቹ ዞረ። በአራተኛው ላይ አምስት ስል ክሩ ላላ፤ ገና መሬት አልደረሰም ነበር።